ከጣሪያዬ የሚወርደው ዝናብ የማን ነው?

ጥያቄው የመጣው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ከምትኖር እህታችን ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አውሮራ ቤት ገዛን። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። ጓሮ ጎመን፣ በሶብላና ቃሪያ ተክላለች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ወደ መንገድ ሲፈስ ታይና ‹ይሄ ሁሉ ሲባክን ዝም ትላላችሁ?› ትለናለች። በርሜል ልንገዛ ስንል የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ‹ኮሎራዶ ውስጥ ዝናብ ማጠራቀም ክልክል ነው› አለው። ዳላስ ያለው ወንድሜ ግን እዚያ ለዕቃው ታክስ እንኳ እንደማይከፈል ነገረኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ደግሞ ካውንቲው ገንዘብ ይመልሳል ትላለች። አንድ አገር ውስጥ ይሄ እንዴት ይሆናል? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? ሰፈራችን ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አለው። እናቴ ደግሞ ውሃውን ለልብስ ማጠቢያም ፈልጋዋለች።»

መጀመሪያ እናትሽን ደስ ላሰኛቸው። በርሜሉን መግዛት ትችላላችሁ። ሕጋዊ ነው። የውሃ ፈቃድ ማውጣትም ሆነ መመዝገብ አያስፈልግም።

የባለቤትሽ ባልደረባም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። እስከ 2016 ድረስ እንደ እናንተ የከተማ ውሃ የሚጠቀም ሰው ከገዛ ጣሪያው የወረደውን ዝናብ በበርሜል መያዝ አይፈቀድለትም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሕጉ ተቀየረ፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

አሁን ያለው ሕግ ቁጥሩ ኤች ቢ 16-1005 ነው። በወቅቱ ገዥ የነበሩት ጆን ሂክንሉፐር በሜይ 2016 ፈረሙበት። ከኦገስት 10 ቀን 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የሚለው አጭር ነው። አንድ ቤት ቢበዛ ሁለት በርሜል ይኑረው። የሁለቱ አቅም ተደምሮ ከ110 ጋሎን አይብለጥ። ይህ ወደ 416 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሪው 21 ጀሪካን ግድም። ቤቱ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ወይም ከአራት ያልበለጡ ቤቶች ያሉት ሕንጻ መሆን አለበት። ውሃው ከመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ በአሸንዳ የወረደ ይሁን። በርሜሉ ከቤት ውጭ፣ ከመሬት በላይ ይቀመጥ። ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። ውሃው እዚያው ግቢ ውስጥ ለሣር፣ ለአበባና ለጓሮ አትክልት ይዋል። ለመጠጥና ለቤት ውስጥ ሥራ አይሆንም።

«ከሰማይ በወረደ ውሃ መንግሥት ምን አገባው?» ትይኝ ይሆናል። ብዙ ሀበሻ የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። ምክንያቱ ካልገባሽ የወንድምሽና የእህትሽ ነገርም አይገባሽም።

ቦኖ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የኮሎራዶን የውሃ ሕግ ለመረዳት አይቸገርም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀዳል። ጀሪካኖቹ በተራ ተደርድረዋል። ሰፈሩ ውስጥ ትልቅ ቤት አለኝ፣ ቤቴ ቦኖው አጠገብ ነው ማለት ተራ አያስቀድምም። ልዩነቱ የኮሎራዶ ሰልፍ አለመፍረሱ ነው። በ1860ዎቹ አንደኛ የነበረው ሰው ዛሬም አንደኛ ነው። መሬቱ ሲሸጥ ወይም መብቱ ለሌላ ሲተላለፍ ተራው አብሮ ይሄዳል። ውሃ ባነሰ ዓመት ደግሞ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረስ አይባልም። ከፊት ያለው ጀሪካኑን እስከ አፉ ይሞላል። ከኋላ ያለው ባዶውን ይመለሳል።

ይህ በ1876 በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። በተግባር የተፈተነው ግን በአንድ ጠብ ነው። ሌፍት ሃንድ የሚባለው የቦይ ኩባንያ ከሴንት ቭሬን ጅረት ውሃ ጠልፎ፣ ሸንተረር አሻግሮ፣ ወደ ሌላ ሸለቆ ይወስድ ነበር። በ1879 ድርቅ ሆነ። ሴንት ቭሬን ዳር መሬት የነበራቸው ኮፊን የሚባል ገበሬና ጎረቤቶቹ ተነሡ። «ወንዙ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው፣ ከእኛ በፊት ማንም አይወስደውም» ብለው የጠለፋውን ግድብ አፈረሱት። ክርክሩ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1882 ለቦይ ኩባንያው ፈረደ። ወንዝ ዳር መኖር መብት አይሆንም፤ መብት የሚሆነው ቀድሞ መጠቀም ነው አለ። የምዕራቡ ደረቅ አገር ሕግ በዚህ መሠረት ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ ጣሪያሽ እንምጣ። አውሮራ ላይ የዘነበ ዝናብ በሳንድ ክሪክ ወይም በቼሪ ክሪክ አድርጎ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይገባል። ከዚያ ወደ ጎረቤት ግዛት ኔብራስካ ይሄዳል። ኮሎራዶ ለኔብራስካ ውሃ ለማሳለፍ የገባችው ስምምነት የ1923 ነው። በመካከሉ ከ100 ዓመት በላይ የተሰለፉ ገበሬዎችና ከተሞች አሉ። የድሮው ሕግ ጣሪያሽን የዚያ ወንዝ መጀመሪያ አድርጎ ነው የሚያየው። አሸንዳሽ ላይ ያለው ውሃ የሌላ ሰው ጀሪካን ውስጥ ሊገባ የተሰለፈ ውሃ ነው ማለት ነው።

ነገሩ መላላት የጀመረው ቁጥር ሲቀርብ ነው። ከዴንቨር በስተደቡብ ስላለው የዳግላስ ካውንቲ በ2007 አንድ ጥናት ወጣ። ጥናቱ ባልተገነባበት ሜዳ ላይ ከሚዘንበው ውሃ በአማካይ 97 በመቶ ያህሉ ወንዝ እንደማይደርስ አሳየ። ሣሩና ቁጥቋጦው ይጠጣዋል፤ የቀረውም ይተንናል። ታዲያ ወንዝ የማይደርስን ውሃ ብይዝ የማንን ተራ ነካሁ? ክርክሩ ቀስ እያለ በዚህ ዞረ። በ2009 የግል የውኃ ጉድጓድ ላላቸውና የከተማ ውሃ ለማይደርሳቸው የገጠር ቤቶች በፈቃድ ተከፈተ። በ2016 ለሁላችሁም ሁለት በርሜል ተፈቀደ። ሕጉ ግን አንድ ነገር በግልጽ አስቀምጧል። በርሜል ማስቀመጥ የውሃ መብት አይሆንም። ሰልፉ ውስጥ ተራ አያሲዝሽም።

እኔ ብጠየቅ 110 ጋሎን ትንሽ ነው እላለሁ። እጥፉ ቢፈቀድም ሳውዝ ፕላት የሚያጣው ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን ሕጉ ይሄ ነው፤ «ማን ያየኛል» ብለሽ ሦስተኛ በርሜል እንድትጨምሪ አልመክርሽም።

ወንድምሽ ያለው እውነት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዝናብ ተሰብስቦ ወንዝ ወይም ጅረት እስኪገባ ድረስ የባለ መሬቱ ነው። ስለዚህ «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያውም የለም። ግዛቱ የሚጨነቀው ሰው እንዲሰበስብ በማበረታታት ነው። የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያ ዕቃዎች ከሽያጭ ታክስ ነፃ ናቸው። እዚያ የሽያጭ ታክሱ የግዛቱና የከተማው ተደምሮ እስከ 8.25 በመቶ ይደርሳል። ትልቅ ታንከር፣ እኛ ሮቶ የምንለውን ዓይነት፣ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነፃነቱ ግን ዝም ብሎ አይመጣም። ሲገዛ የታክስ ነፃ ማረጋገጫ ቅጽ ሞልቶ ለሻጩ መስጠት አለበት። ይህን ንገሪው፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ከፍሎ ይወጣል።

የቴክሳስ ኤች ኦ ኤም በርሜልን ጨርሶ መከልከል አይችልም። ቀለሙ ከቤቱ ጋር ይሂድ፣ ከመንገድ በኩል በቤቱ ፊት ለፊት አይቀመጥ ማለት ግን ይችላል። በተጨማሪ በ2011 የወጣ ሕግ አለ። ከተሞች አንድ ሕንጻ የዝናብ ውሃ ስለሚሰበስብ ብቻ የግንባታ ፈቃድ እንዳይከለክሉት ያዛል። አንዳንድ ከተሞች፣ በተለይ ኦስቲን፣ ከዚህም አልፈው በታንከሩ ልክ ገንዘብ ሲመልሱ ቆይተዋል። መጠኑ ስለሚለዋወጥ ወንድምሽ የዳላስን የውሃ መሥሪያ ቤት ራሱ ይጠይቅ።

የእህትሽ ነገር ደግሞ ከሁለታችሁም ይለያል። ሲልቨር ስፕሪንግና ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ችግሩ የውሃ ማነስ አይደለም። ውሃው በአንዴ መምጣቱ ነው። ጣሪያና አስፋልት የሸፈነው መሬት ዝናብ አይመጥም። ውሃው ዘይትና ቆሻሻ ጠርጎ በቀጥታ ጅረት ውስጥ ይገባል። በዲሲ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ክፍል ደግሞ የዝናቡና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄደው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይሞላና ሁለቱም ተቀላቅለው አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች ውስጥ ይፈሳሉ። እንግዲህ እዚያ በርሜል ያስቀመጠ ሰው ለከተማው ውለታ እየዋለ ነው። ለዚያ ነው የሚከፈለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለዚህ ሬይንስኬፕስ የሚባል ፕሮግራም አለው። ዲሲ ደግሞ ሪቨርስማርት ሆምስ የሚባል አለ። ዲሲ ውስጥ የቤት ባለቤት ውሃ በማያስገባው መሬቱ ስፋት ልክ በውሃ ቢሉ ላይ ክፍያ ይመጣበታል። የዝናብ ውሃ ግቢው ውስጥ ካስቀረ ከዚያ የጎርፍ ውሃ ክፍያ እስከ 55 በመቶ ሊቀነስለት ይችላል። ለእህትሽ አንድ ነገር አጥብቀሽ ንገሪልኝ። ሬይንስኬፕስ ገንዘብ የሚመልሰው መጀመሪያ ማመልከቻው ሲጸድቅ ነው። አስቀድማ ገዝታ፣ ገጥማ፣ ደረሰኝ ይዛ ብትሄድ አይሰጧትም። ሰዎች በዚህ ሲያዝኑ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አየሽ፣ የወንድምሽም የእህትሽም ነገር እውነት ነው፤ ለባለቤትሽ የተነገረውም በጊዜው እውነት ነበር። ሕጉ የሚወሰነው ያ ቦታ ምን እንደቸገረው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ጠብታውን ከታች የሚጠብቅ ሰው አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ያንኑ ጠብታ ከታች ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ሌላ ግዛት ያለ ዘመድ የነገረሽን ይዘሽ እንዳትገዢ።

ኤች ኦ ኤን በተመለከተ፣ በኮሎራዶም ማኅበሩ በርሜልን መከልከል አይችልም። የት ይቀመጥ፣ ምን ይምሰል በሚለው ላይ ግን ምክንያታዊ የሆነ ደንብ ማውጣት ይችላል። የጋራ በሆነ ቦታ ላይ ማስቀመጥ አትችሉም። የምትከራዩ ብትሆኑ ኖሮ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋችሁ ነበር። ምክሬ ይሄ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የበርሜሉን ፎቶና የምታስቀምጡበትን ቦታ በኢሜይል ላኩላቸው። «ሕጉ ይፈቅድልናል፣ የመልክ ደንብ ካላችሁ አሳውቁን» በሉ። በጽሑፍ የመጣ መልስ በኋላ ከቅጣት ደብዳቤ ያድናችኋል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህን ከያዝሽ ሌላው መደመርና ማባዛት ነው። ጣሪያሽ 140 ካሬ ሜትር ነው እንበል፣ አራት መውረጃ ቱቦ አለው። አንዱ ቱቦ የ35 ካሬ ሜትር ውሃ ያወርዳል። 12 ሚሊሜትር ሲዘንብ በዚያ ቱቦ ብቻ 420 ሊትር ይመጣል። ሁለቱ በርሜሎች ሞልተዋል። አንድ ደህና የሙቀት ወራት የከሰዓት ዝናብ፣ ከጣሪያው ሩብ ብቻ!

ዴንቨር አካባቢ ዝናቡና በረዶው ተደምሮ በዓመት ወደ 370 ሚሊሜትር ነው። የአዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ነው። እናትሽ ያደጉት ክረምቱን ሙሉ አሸንዳ ሥር በርሜል እየተቀያየረ ነው፤ እዚህ እንደዚያ አይጠብቁ። በሙቀቱ ወራት በርሜሎቹ አሥር ጊዜ ያህል ቢሞሉና ቢጨርሷቸው ከ4,000 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ከውሃ ቢላችሁ ላይ የሚቀንሰው ጥቂት ዶላር ነው። ለገንዘብ ብላችሁ ከሆነ በርሜሉ ዋጋውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ለጎመኑ ብላችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በሞቃት ሳምንት 25 ሊትር ያህል ይጠጣል። 416 ሊትር ለ16 ካሬ ሜትር መደብ ሳምንት ያቆያል። ለእናትሽ ጓሮ ይበቃል።

ትልቁ ነገር ግን በርሜሉ አይደለም፤ የሚተርፈው ውሃ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የሚገደበው ማጠራቀም ነው። የመውረጃ ቱቦውን አፍ ወደ ተክል ማዞር አይገደብም። ሦስቱን ሌሎች ቱቦዎች በማራዘሚያ ወደ ዛፍና ወደ መደብ አዙሯቸው። ከበርሜሉ ሞልቶ የሚፈሰውንም እንዲሁ። መሬቱን በትንሹ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃው ተኝቶ በአንድ ቀን ውስጥ እንዲሰርግ አድርጉ። ሥሩን ፕላስቲክ አንጥፋችሁ ኩሬ አታድርጉት። ያኔ ማጠራቀም ይሆናል፣ ያለ ውሃ መብት አይቻልም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ይህን እባክሽ ቸል አትበይው። ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ብዙ ቦታ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነው። የአዲስ አበባን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። የቤት መሠረት ያነሳል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ውሃው ከመሠረቱ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ይፍሰስ። መሬቱም ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። ጥቂት ዶላር ለማዳን ብሎ መሠረቱን ያበላሸ ቤተሰብ አውቃለሁ። ለማስጠገን የከፈሉት የብዙ ዓመት የውሃ ቢላቸውን ይበልጣል።

በርሜሉን ራሱ ስትተክሉ ክብደቱን አስቡ። ባለ 55 ጋሎኑ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ልጅ ካለ ደግሞ ይበልጥ አስቡ። ደልዳላ በሆነ ብሎኬት ላይ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በጎማ ይሄዳል። ግን ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ የሣር መርጫ አያዞርም። ጎማውን ከፍቶ መደቡ ላይ መተው ወይም በባልዲ መቅዳት ነው።

ከክዳኑ በተጨማሪ ውሃው የሚገባበትና ሞልቶ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይሁን። ይህ ለወግ አይደለም። የወባ ትንኝ እዚህ አገር አያስጨንቀንም፣ የዌስት ናይል ቫይረስ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን አለች። በ2003 ኮሎራዶ ውስጥ ከ2,900 በላይ ሰው ታሞ 63 ሰው ሞቷል። ትንኟ በበጋ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ከጥቂት ቀን ይበቃታል። ውሃውን በየሳምንቱ ጨርሱት፤ ያኔ ብትጥልም አታድግም።

ጣሪያው ላይ የወፍ ኩስ፣ አቧራና የሺንግሉ (የጣሪያው ክዳን) ቅንጣት አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ አትያዙት፤ ጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ። ጎመኑና በሶብላው ላይ ከላይ አታርከፍክፉ። ሥሩ ላይ አፍስሱ። ከቆረጣችሁ በኋላ ደግሞ በቧንቧ ውሃ በደንብ እጠቡት። በኦክቶበር፣ በረዶ ሳይጀምር፣ በርሜሉን ባዶ አድርጋችሁ ገልብጡት፤ ቱቦውንም ወደ ቀድሞ ቦታው መልሱት። ውሃ እንዳለበት የብርዱ ወራት የደረሰበት በርሜል ይሰነጠቃል።

ድጎማን በተመለከተ፣ እናንተ ጋ ገንዘቡ ያለው በርሜል ላይ ሳይሆን ሣር ላይ ነው። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች በ2022 ሣርን በውሃ ቆጣቢ ተክል ለመተካት የሚውል 2 ሚሊዮን ዶላር መድበው ነበር። የአውሮራ ከተማም ሣራቸውን ለሚያነሱ ነዋሪዎች የራሱ ፕሮግራም አለው። የፊት ለፊቱን ሣር ማንም የማይጫወትበት ከሆነ የከተማውን የውሃ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። እዚህም ሣሩን ከመንቀላችሁ በፊት አመልክቱ። ውሃችሁን በእውነት የሚበላው ሣሩ ነው።

የልብሱን ነገር መጨረሻ ያደረግሁት እናትሽ እንዳይከፋቸው ነው። ልክ ናቸው፣ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል። እናቴም ክረምት ሲመጣ ነጠላዋን በሌላ ውሃ አታጥብም ነበር። ኮሎራዶ ግን ውሃውን ለተክል ብቻ ነው የፈቀደው። በዚያ ላይ ያ ቆርቆሮ ነበር፣ ይህ ሬንጅ ያለበት ሺንግል ነው፤ ነጭ ልብስ ያበላሽባቸዋል። ጎመኑን ያጠጡበት።